ባለሚስማር፣ ሚስማር የሌለው ወይስ ኦል ሲዝን? ለበረዶ የሚሆን ጎማ አመራረጥ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «የፊት ጎማዎቿ የሚጎትቱት መለስተኛ የቤት መኪና አለችኝ። በረዶ ባለበት አገር ስነዳ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ሥራ የምገባው ገና ሳይነጋ ነው። አብዛኛው መንገዴ ከተማ ውስጥ ነው፤ በሳምንት አንዴ ሁለቴ ከከተማ እወጣለሁ። ብርዱ አንዳንዴ ከዜሮ በታች 15 ይደርሳል፣ ብዙውን ጊዜ ግን ዜሮ አካባቢ ከፍ ዝቅ ይላል። አንዱ ጓደኛዬ ባለሚስማር ግዛ ይለኛል። ሌላው ሚስማር የሌለው ይበቃሃል ይላል። ሦስተኛው ደግሞ አሁን ያለው ጎማህ ኤም+ኤስ የሚል ጽሑፍ ስላለበት ምንም መግዛት የለብህም ባይ ነው። ወጪ ለመቀነስ ለፊት ሁለት ብቻ ብገዛስ? የማይንሸራተተው የቱ ነው?»

ከመጨረሻው ልጀምር። የማይንሸራተት ጎማ የሚባል ነገር የለም። ሻጭ እንዲህ ካለህ አትመነው። ጎማዎች የሚለያዩት አንዱ ቶሎ፣ ሌላው ዘግይቶ በመንሸራተቱ ነው፤ ሲለቅም አንዱ ቀስ እያለ እያስጠነቀቀህ ይለቃል፣ ሌላው ድንገት። ጓደኞችህ በአብዛኛው የሚከራከሩት መኪናዋ በረዶ ውስጥ ትነሳለች ወይስ አትነሳም በሚለው ላይ ይመስለኛል። እሱ ትንሹ ችግር ነው። ካልተነሳች ቤትህ ትቀራለህ፣ በቃ። ጎማ የሚመረጠው ለመቆምና ለመታጠፍ ነው።

እስቲ በቁጥር እንየው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር እየነዳህ ፍሬን ብትይዝ፣ ደረቅ አስፋልት ላይ 12 ሜትር ገደማ ሄደህ ትቆማለህ። የተጠቀጠቀ በረዶ ላይ 40 ሜትርና ከዚያ በላይ ያስኬድሃል። ግግር ላይ፣ ማለትም እንደ መስታወት ጠንክሮ በሚያዳልጥ የበረዶ ንጣፍ ላይ፣ 100 ሜትር ቢደርስ አይግረምህ። እግርህ ፍሬኑን እስኪነካ የሚባክነው ርቀት እዚህ ውስጥ አልተቆጠረም። አሁን ሁለት መኪኖች ጎን ለጎን እየሄዱ ግግር ላይ እኩል ፍሬን ያዙ እንበል። የአንዱ ጎማ መንገዱን የመያዝ አቅም በሰበቃ መለኪያ 0.12 ነው፣ የሌላው 0.08። ወረቀት ላይ ልዩነቱ ኢምንት ነው። የመጀመሪያው 82 ሜትር ላይ ይቆማል። ሁለተኛው እዚያው ቦታ ላይ ሲደርስ ገና በሰዓት 29 ኪሎ ሜትር ገደማ እየሄደ ነው። ፊት ለፊቱ የእግረኛ ማቋረጫ ካለ ያ ፍጥነት የሰው እግር ይሰብራል፣ ከዚያም የባሰ ያደርሳል። የጎማ ምርጫ ማለት እንግዲህ ይህ ነው።

በነገራችን ላይ አራቱም እግሯ የሚነዳ መኪና ቢኖርህም መልሴ አይቀየርም። ፎር ዊል ለመነሳትና ዳገት ለመውጣት ይጠቅማል። ፍሬን ስትይዝ ግን የማንኛውም መኪና አራቱም ጎማ ነው የሚያዘው፣ ስለዚህ እዚያ ላይ ምንም ብልጫ የለውም። ኤቢኤስም ያው ነው፤ ጎማው ተቆልፎ መሪው እንዳያምጽብህ ያደርጋል እንጂ ጎማው የሌለውን ጉልበት አይጨምርለትም።

ወደ ኤም+ኤስ (M+S፣ «ጭቃና በረዶ» ለማለት ነው) እንምጣ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። ይህን ጽሑፍ አምራቹ የጥርሱን ቅርጽ መሠረት አድርጎ ራሱ የሚያትመው ነው። ጎማው በረዶ ላይ ተፈትኖ አልፏል ማለት አይደለም። አንተ መፈለግ ያለብህ ሌላ ምልክት ነው፤ ሦስት ጫፍ ያለው ተራራ ተስሎ መሃሉ ላይ የበረዶ ቅንጣት ያለበት። እሱን ለማግኘት ጎማው በረዶ ላይ ተፈትኖ ከመመዘኛው ጎማ በተወሰነ መጠን በልጦ መገኘት አለበት። ጀርመን እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2024 ጀምሮ የበረዶ ጎማ ብላ የምትቀበለው ይህ የተራራ ምልክት ያለበትን ብቻ ነው፤ ኤም+ኤስ ብቻውን አይበቃም። የምትነዳበት አገር ሕግ የተለየ ሊሆን ይችላል። ስዊድን መንገዱ ላይ በረዶ ወይም ግግር ካለ በአውሮፓውያኑ ከዲሴምበር 1 እስከ ማርች 31 የበረዶ ጎማ ታስገድዳለች፣ የካናዳዋ ኩቤክ ደግሞ በአውሮፓውያኑ ከዲሴምበር 1 እስከ ማርች 15 አየሩ ምንም ይሁን ምን ታስገድዳለች። የአንተን ቦታ ሕግ ሳታይ አትግዛ፣ በተለይ ስለ ሚስማር።

የተራራው ምልክትም ቢሆን ሁሉን አይነግርህም። ፈተናው በረዶ ላይ እንጂ ግግር ላይ አይደለም። በረዶ ላይ ጎበዝ የሆነ ጎማ ግግር ላይ ደካማ ሊሆን ይችላል፣ ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አውሮፓ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ጎማ ላይ በሚለጠፈው መግለጫ ለግግር ለብቻው የሚሆን ምልክት ተጨምሯል፤ ሾጣጣ የበረዶ ቁልል የሚመስል ሥዕል ነው። ያ ካለበት ግግር ላይም ተፈትኗል ማለት ነው። ባለሚስማሮቹን ይህ መግለጫ አይመለከታቸውም።

ለምን ተራው ጎማ አይሠራም? ዋናው ነገር ጎማው የተሠራበት ላስቲክ ነው። የበጋ ጎማ ላስቲክ ለሞቀ አስፋልት የተቀመመ ነው። ሲበርደው ይደርቃል፣ የመንገዱን ጥቃቅን ጎርበጥባጣ መከተል ያቅተዋል። በተለምዶ 7 ዲግሪ ሴልሺየስ የመቀየሪያ ልክ ተብሎ ይነገራል። ቁጥሩ ጥሩ ማስታወሻ ነው፣ ግን 8 ላይ ደህና ሆኖ 6 ላይ ድንገት የሚበላሽ ነገር የለም። የበረዶ ጎማ ላስቲክ በብርድም እንዳይደርቅ ተደርጎ ይቀመማል። ጥርሱን ቀረብ ብለህ ብታየው ደግሞ እያንዳንዱ ጥርስ ላይ በምላጭ የተሸነተሩ የሚመስሉ ብዙ ቀጫጭን ስንጥቆች አሉ። ጥርሱን በጣትህ ገፋ አድርገው፤ ስንጥቆቹ ከፈት ይላሉ። ፍሬን ስትይዝም የሚሆነው ይኸው ነው። እያንዳንዱ ስንጥቅ ሲከፈት አዲስ ጠርዝ ይወጣል፣ ያ ጠርዝ በረዶውን ይቧጥጣል፣ ስንጥቁም ላዩ ላይ ያለችውን ስስ ውሃ ይመጥጣል።

ይህች ስስ ውሃ የነገሩ ሁሉ እምብርት ናት፤ አንተ «ዜሮ አካባቢ» ያልከው አየርም አስቸጋሪው ነው። ብዙ ሰው ከዜሮ በታች 15 ይፈራል። ከዜሮ በታች 15 ላይ ግግሩ ደረቅ ነው፣ ለስላሳ ላስቲክ ደህና አድርጎ ይይዘዋል። ዜሮ ላይ ግን ግግሩ ላዩ ረጥቧል፣ ጎማህም በዚያች ስስ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል። መኪና የሚበዛበት የትራፊክ መብራት አካባቢ ያለውን መንገድ አስተውለህ እየው። ትናንት የወረደው በረዶ በጎማ ተጠቅጥቋል። መኪኖቹ ቆመው ሲነሱ ጎማቸው እየተሽከረከረ ላዩን አሟሽሾታል፣ ሌሎቹ ፍሬን ሲይዙ ወልውለውታል፣ ሌሊት እንደገና ግግር ሠርቷል። ከመብራቱ በፊት ያሉት ጥቂት ሜትሮች ከሌላው መንገድ ሁሉ ያዳልጣሉ፣ አንተ ደግሞ መቆም ያለብህ በትክክል እነሱ ላይ ነው። ሳይነጋ ስለምትወጣ ጨው የሚበትነው መኪና ሳይደርስ አንተ ልትደርስ ትችላለህ። ጎማህን ስትመርጥ ይህችን ቦታ አስብ።

አሁን ወደ ምርጫዎቹ። ገበያው ላይ ያሉት ሦስት ሳይሆኑ አራት ዓይነት ናቸው፣ ጓደኞችህ ሁለቱን በአንድ ላይ አጣብቀዋቸዋል።

ባለሚስማሩ እርጥብ ግግር ላይ ወደር የለውም። ከጥርሱ ከአንድ ሚሊሜትር እምብዛም የማይበልጥ ጠንካራ ብረት ብቅ ይላል፣ ውሃው ኖረም አልኖረም ግግሩን ይቧጭራል። የገጠር መንገድ፣ ጥላ ያለበት ቁልቁለት፣ ጨው የማይደርስበት ሰፈር ከሆነ የሚኖረው ሰው ያለ ምንም ማመንታት ባለሚስማር ይግዛ እላለሁ። ጉዳቱ ደግሞ ግግር በሌለበት ይታያል። ባዶ አስፋልት ላይ ብረቱ ያንሸራትታል እንጂ አይዝም፣ ጩኸቱ ያሰለቻል፣ መንገዱን ይልጠዋል። የሚላጠው አስፋልት አቧራ ሆኖ ሰው ይተነፍሰዋል፤ ጃፓን እ.ኤ.አ. በ1990 ባለሚስማር ጎማን የሚገድብ ሕግ ያወጣችው በዚህ አቧራ ምክንያት ነው። ጀርመንም በመደበኛ መንገዷ ላይ አትፈቅድም፣ ሌሎች ብዙ አገሮች የሚፈቅዱት በተወሰኑ ወራት ወይም አካባቢዎች ብቻ ነው። ከገዛህ ደግሞ የመጀመሪያዎቹን 500 ኪሎ ሜትር ያህል በለሆሳስ ንዳ፣ ድንገት አትነሳ፣ ድንገት ፍሬን አትያዝ። ሚስማሩ ቦታውን ሳይዝ ከተነቃነቀ ይረግፋል።

ሚስማር የሌለው የሚባለው ግን ሁለት የተለያየ ነገር ነው። አንደኛው ለሰሜን አውሮፓና ለካናዳ ዓይነት ብርድ የሚሠራው በጣም ለስላሳ ላስቲክ ያለው ነው። ጥርሱ በስንጥቅ የተሞላ ነው፣ ጥፍርህን ብትጫነው ይገባል። ግግርና የተጠቀጠቀ በረዶ ላይ ከባለሚስማሩ ቀጥሎ የሚገኝ እሱ ነው፣ በጣም በበረደ ቀን ደግሞ ሊስተካከለው ይችላል። ዝናብ በዘነበበት 5 ዲግሪ ቀን ግን ፍሬኑ ይረዝማል፣ መሪውም ላላ ያለ ስሜት ይሰጥሃል። ሁለተኛው ለመካከለኛው አውሮፓ ዓይነት የብርድ ወቅት የሚሠራው ነው። ላስቲኩ ጠንከር ይላል፣ ውሃ የሚያስወጡ ጥልቅ ቦዮች አሉት፣ እርጥብ አስፋልትና ፈጣን መንገድ ላይ ይሻላል። ግግር ላይ ግን ከመጀመሪያው በግልጽ ያንሳል። ሁለቱም የተራራው ምልክት አለባቸው፣ ስለዚህ በምልክቱ አትለያቸውም። የፍጥነት ፊደሉን እይ። ለስላሳው አብዛኛውን ጊዜ ኪው፣ አር ወይም ቲ ይላል፣ ማለትም በሰዓት እስከ 160፣ 170 ወይም 190 ኪሎ ሜትር። ጠንከር ያለው ብዙውን ጊዜ ኤች ወይም ቪ ነው፣ 210 ወይም 240። ፍጹም ደንብ አይደለም፣ ሻጩን መጠየቅ አለብህ፣ ግን ሻጩ ራሱ የማያውቅ ሲሆን ፊደሉ ያድንሃል።

አራተኛው ኦል ሲዝን ነው፤ ለሁሉም ወቅት ተብሎ የሚሠራው። የተራራው ምልክት ያለባቸው ደህና ደህና ኦል ሲዝኖች አሉ፤ በዓመት ጥቂት ቀን ብቻ በረዶ ለሚያይ፣ በረዶ ሲወርድ መኪናውን አቁሞ ሌላ መጓጓዣ መያዝ ለሚችል ሰው ምክንያታዊ ምርጫ ናቸው። ከዜሮ በታች 15 ለሚያይ፣ ሳይነጋ ሥራ መግባት ግዴታው ለሆነ ሰው አይደሉም። አንተ ላይ ያለው ኤም+ኤስ ብቻ የተጻፈበት ከሆነ ደግሞ ከእነሱም ያንሳል።

ሁለት ለፊት ብቻ ስለመግዛት ያነሳኸውን እባክህ ተወው። ከጥያቄህ ሁሉ ያስደነገጠኝ ይህ ነው። የፊቱ አዲስ፣ የኋላው የበጋ ጎማ ሲሆን መኪናዋ በደንብ ትነሳለች፣ መሪውም ይታዘዝሃል፣ አንተም ሁሉም ሰላም ይመስልሃል። ከዚያ ቁልቁለት ላይ ያለ ኩርባ ትገባለህ። ትንሽ ፈጠንኩ ብለህ እግርህን ከነዳጁ ታነሳለህ። ክብደቱ ወደ ፊት ይሄዳል፣ ፊቱ ይይዛል፣ ኋላው ይቀላል፤ የደረቀው ጎማም ይለቃል። የኋላው ፊቱን ሊቀድም ይዞራል። ይህ የሚሆነው አንተ መሪው ላይ ምንም ማስጠንቀቂያ ሳይሰማህ ነው፣ ምክንያቱም መሪው የሚነግርህ የፊቱን ወሬ ብቻ ነው። ዞራ በጎኗ የሄደች መኪና ከተቃራኒ የሚመጣውን የምትቀበለው በበሯ ነው። አራት፣ አንድ ዓይነት፣ ጥርሳቸው እኩል የሆነ ጎማ። እዚህ ላይ ድርድር የለም። የአራቱ ገንዘብ ካልሞላ ሁለት አዲስ ከመግዛት ይልቅ አንድ ደረጃ ዝቅ ያለ አራት ግዛ።

እንግዲህ የእኔ ምክር። ለስላሳውን፣ ሚስማር የሌለውን፣ ለሰሜኑ ብርድ የተሠራውን አራት ግዛ። ከተማ ውስጥ ዋና መንገዶቹ ስለሚጠረጉና ጨው ስለሚበተንባቸው ብዙውን ሰዓት የምትነዳው እርጥብ ወይም ባዶ አስፋልት ላይ ነው፣ እዚያ ሚስማሩ ጥቅም የለውም። የመብራቱ ግግርና የሰፈርህ መንገድ ደግሞ ጠንከር ያለውን ዓይነትና ኦል ሲዝኑን ከውድድር ያስወጣቸዋል። የምትከፍለውን ዋጋ ግን እወቀው፤ ዜሮ ላይ፣ እርጥብ ግግር ላይ፣ ባለሚስማር ካለው ሰው ዘግይተህ ትቆማለህ። እንዲህ ባለ ጠዋት ርቀትህን አስፋ፣ ፍጥነትህን ቀንስ። ሐሳቤን የሚያስቀይረኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። ቤትህ ጨው በማይበተንበት ዳገት ላይ ከሆነ፣ ወይም በሳምንት አንዴ ሁለቴ የምትወጣበት የገጠር መንገድ ሁልጊዜ ግግር የሚሠራ ከሆነ፣ ሕጉም ከፈቀደ፣ ባለሚስማሩን ያዝ፤ ጩኸቱን ቻለው።

ስትገዛ ልኩን ከጓደኛ ሳይሆን ከራሷ ከመኪናዋ ውሰድ። የሾፌሩ በር ሲከፈት የሚታየው ወረቀት ላይ ወይም መመሪያው መጽሐፍ ውስጥ አለ። ብዙ ጊዜ ከአንድ በላይ ልክ ይፈቀዳል። እንደዚያ ከሆነ ጠበብ ያለውንና ቸርኬው አነስ የሚለውን ምረጥ፤ ጠባቡ የበረዶ ጭቃ ውስጥ ሲገባ ሰንጥቆ ይሄዳል፣ ሰፊው ይንሳፈፋል። ዋጋውም ይቀንሳል። ትንሹ ቸርኬ ግን ፍሬኑን የማይነካ መሆን አለበት፣ ስለዚህ ከተፈቀደው ልክ አትውረድ። የጭነት ቁጥሩም ከተጻፈው እንዳያንስ፤ 91 ከሆነ ለምሳሌ አንዱ ጎማ 615 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው።

የተሠራበትን ጊዜ ጎኑ ላይ ካለው ባለ አራት አሃዝ ቁጥር ታውቃለህ። 3824 የሚል ከሆነ እ.ኤ.አ. በ2024 በ38ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። ያገለገለ ጎማ ልትገዛ ካሰብክ ጥርሱ የቱንም ያህል ቢያምር ከ6 ዓመት ያለፈውን አልመክርም። የበረዶ ጎማ ዋጋው ልስላሴው ነው፣ ልስላሴው ደግሞ በዕድሜ ይሄዳል። ጥፍርህ ካልገባ ተወው። ጥርሱም ብዙ ቦታ በሕግ 1.6 ሚሊሜትር ቢፈቀድ እንኳ ለበረዶ 4 ሚሊሜትር ከደረሰ አልቋል ብለህ ቁጠረው፤ ስንጥቆቹ ከዚያ በታች ጥልቀት አይኖራቸውም። የፈተና ውጤት ስታነብም ተደማምሮ የተሰጠውን ደረጃ ትተህ ግግር ላይ ፍሬንና እርጥብ አስፋልት ላይ ፍሬን የሚሉትን ሁለት መስመሮች ብቻ ተመልከት። አንተን የሚመለከቱህ እነሱ ናቸው።

ከቻልክ ጎማዎቹን ለብቻቸው ቸርኬ ላይ አስገጥማቸው። መጀመሪያ ያስወጣሃል፣ ግን በየወቅቱ ጎሚስታ ጋ እየነቀሉ መግጠም ይቀራል፣ የጎማው ጠርዝም አይጎዳም። ስታስገጥም ጎኑ ላይ ቀስት ካለ ወደ ፊት ወደሚሽከረከርበት አቅጣጫ መሆኑን ራስህ አረጋግጥ፤ ተገልብጦ የተገጠመ ጎማ ብዙ ጊዜ ይታያል። የበጋዎቹን ጸሐይና ሙቀት በማይደርስበት ቦታ አስቀምጥ። ብርዱ ካለፈ ለስላሳውን ጎማ ጊዜ ሳትሰጥ አውልቅ። ሙቀት ላይ ቶሎ ያልቃል፣ ፍሬኑም ከበጋው ጎማ ይረዝማል።

ንፋሱን በየጊዜው ለካ። አየሩ በ10 ዲግሪ በቀዘቀዘ ቁጥር 0.1 ባር ያህል ይቀንሳል፤ 20 ዲግሪ በሆነ ጋራዥ ውስጥ የተሞላ ጎማ ከዜሮ በታች 10 ውጭ ሲያድር 0.3 ባር ጎድሎ ታገኘዋለህ። በረዶ ላይ ይይዛል ብለው ንፋስ የሚያጎድሉ አሉ፣ አታድርገው፤ የመንገድ መኪና ላይ ጎማውን ከመጉዳትና መሪውን ከማላላት ሌላ ጥቅም የለውም። ሜዳው ሁሉ በረዶ ሳይሆን ቀደም ብለህ ግዛ፣ የመጀመሪያው በረዶ በወረደ ማግስት የምትፈልገው ልክ ያልቃል። ተገጥሞልህ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከነዳህ በኋላ ደግሞ ቆም ብለህ የአራቱንም ጎማ ብሎኖች መልሰህ አጥብቅ።